ከጅማ ወደ በለጠ ደን በስድስት መኪና፦ የሁለት ቀኑን ጉዞ እንዴት እናቅደው?

ጥያቄ፦ ሰፋሪው

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በጅማ ከተማ የምንኖር፣ ከአስፋልት ወጣ ብሎ መንዳትና በድንኳን ማደር የምንወድ ጓደኛሞች ነን። በታኅሣሥ አጋማሽ አንዱን ቅዳሜና እሑድ በበለጠ ደን አካባቢ ለማሳለፍ ተስማምተን የማስተባበሩ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኛል። ሥራውን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት የገጠመን ችግር እንዳይደገም አጥብቄ ስለምፈልግ፣ ከእኔ የተሻለ ልምድ ያላችሁ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሚያዝያ ወር ወደ ሊሙ አቅጣጫ ለመውጣት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተቀጣጥረን፣ አንዱ ነዳጅ ሊቀዳ፣ ሌላው ጎማ ሊያስነፋ፣ ሌላው ዳቦ ሊገዛ ሲል ከከተማ የወጣነው ወደ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣለና፣ ደረቅ ቢሆን ኖሮ ልብ የማንለው አንድ አጭር ቁልቁለት ላይ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና አሟልጮ ሁለት መኪኖችን ተራ በተራ ጉድባ ውስጥ ከተታቸው። የፊተኛውን ለማውጣት ስንታገል የጎታቹ መኪና ፍሪሲዮን ተቃጠለ፤ ያ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ድንኳን የተከልነው ከምሽቱ 3 ሰዓት በባትሪ ብርሃን ነው፤ ቦታው ተዳፋት መሆኑን ያወቅነው ከተኛን በኋላ ሲሆን ልጆቹም ብስኩት ብቻ በልተው አደሩ። ማንም አልተጎዳም፤ ነገር ግን ሁለት ቤተሰቦች ከዚያ ወዲህ ለጉዞ ስንጠራቸው እሺ አላሉም። ከተቃጠለው ፍሪሲዮን ይልቅ ይህ ያሳዝነኛል።

አሁን ስድስት መኪናና 17 ሰዎች ስንሆን አራቱ ልጆች ናቸው። ሁለት ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ፣ አንድ ፕራዶ፣ አንድ ሀይሉክስ ደብል ጋቢና፣ አንድ አሮጌ ሱዙኪ ቪታራና አንድ ራቭ ፎር አሉን። ሐሳባችን ቅዳሜ ከጅማ ተነስተን፣ በሰቃ ጨቆርሳ በኩል ወደ ሸቤ በሚወስደው አስፋልት እስከ ደኑ ተጉዘን፣ ከዚያ ወደ ጎን ከሚገቡት መንገዶች በአንዱ ወርደን ማደር፣ እሑድ ደግሞ እስከ ጎጀብ ወንዝ ደርሰን መመለስ ነው።

ለመሆኑ አቅማቸው የተለያየ መኪኖችን በምን ቅደም ተከተል መምራት ይሻላል? ደኑ ውስጥ ለማደር ማንን ማስፈቀድ ይገባናል? መጎተቻውንና ሌላውን ዕቃ በተመለከተስ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?

መልስ፦ ባለ ጋራዡ

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋቱን በዝናቡ ላይ ማሳበብ አይገባም፤ ሚያዝያ መሆኑን ታውቃላችሁና። ጉዟችሁ የተበላሸው ገና ጅማ ውስጥ፣ ለመነሳት በባከነው አራት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከመኪናው በፊት ስለ ሰዓቱ ልናገር።

የቀኑን ዕቅድ ከመነሻው ሳይሆን ከመድረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በታኅሣሥ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ልጆች ላሉት ቡድን ድንኳኑ ተተክሎ እሳቱ ሊነድ የሚገባው ቢዘገይ 10 ሰዓት ላይ ነው። ስድስት መኪና ተከታትሎ በመጥፎ መንገድ ሲሄድ፣ አንዱ ሲቆም ሁሉም ስለሚቆም፣ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ለቅዳሜው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከያዛችሁ በቂ ነው። ከዚህም ጋር የመመለሻ ሰዓት ወስኑ፤ ለምሳሌ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ከመንገዱ እኩሌታ ካላለፋችሁ ያለ ክርክር ትመለሳላችሁ። ይህን ውሳኔ ጅማ ላይ ተቀምጣችሁ ካልወሰናችሁት፣ ጭቃው መሐል ሆኖ የሚወስን ሰው አይገኝም። ነዳጁም ዓርብ ማታ ይቀዳ። ማደያዎች በጄሪካን እንደ ልብ ስለማይቀዱ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ሞልቶ መነሳት ያስፈልጋል፤ በከባድ ማርሽ የሚሄድ መኪና በአስፋልት ከሚበላው እጥፍ ሊበላ ይችላልና።

ስለ ቅደም ተከተሉ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያለበት ሃርድቶፕ ይቅደም፤ ደካማዎቹ መኪኖች መሐል ይግቡ፤ መጎተቻውን የያዘው ሁለተኛው ሃርድቶፕ ከሁሉም ኋላ ይሁን። ብርቱው መኪና ፊት ሆኖ ካለፈ በኋላ ደካማው ሲቀረቀር፣ ዞሮ ለመምጣት ቦታ ያጣል። እያንዳንዱ ሾፌር ኃላፊነቱ ከኋላው ላለው መኪና ነው፤ በመስታወቱ ካጣው ይቆማል፤ መገንጠያ ላይ ደግሞ ተከታዩ እስኪያየው ድረስ አይንቀሳቀስም። የእጅ ሬዲዮ ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ በዚህ ልማድ መመራት ይቀላል። ቁልቁለትና ወንዝ መሻገሪያ ላይ ግን የፊተኛው ጨርሶ ሳይወጣ ሌላው አይግባ።

ፍሪሲዮኑ የተቃጠለው ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሳያነሳ በግማሽ እየያዘ ስለጎተተ ይመስለኛል። ኤል ፎር (ከባዱን ማርሽ) አስገብቶ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እግርን ከፍሪሲዮን ፈጽሞ አንስቶ በዝግታ መሳብ ነው። በርጥብ ቀይ አፈር ቁልቁለት ሲወርዱም ማርሹ ራሱ ይያዝ፤ ፍሬን የረገጠ ሰው መኪናውን ሳይሆን ጎማውን ብቻ ነው የሚያቆመው፤ መኪናው እንደ ተንሸራተተ ይቀጥላል። በአስፋልት በ35 ፒ.ኤስ.አይ. የአየር ግፊት የሚነፋ ጎማ፣ የጭነታችሁ መጠን ታይቶ፣ ጠጠርና ድንጋይ ላይ ወደ 26፣ ጭቃ ውስጥ ወደ 20 ቢወርድ መሬቱን በሰፊው ይይዛል። ነገር ግን በተነፈሰ ጎማ መፍጠንና በኃይል መጠምዘዝ ጎማውን ከቼርኪዮው (ከብረቱ) ያወልቀዋልና፣ አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የሚነፋ ትንሽ ኮምፕረሰር ያዙ።

ስለ መጎተቻው ደግሞ ይህን እለምናችኋለሁ። የብረት ካቦ በድንገት አትሳቡ፤ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል። ለተጎታች ጋሪ ማያያዣ የተሠራውን የብረት ኳስ መጎተቻ አታድርጉት፤ ተነቅሎ ሲወረወር እንደ ጥይት ነው፤ በዓለም ላይ ብዙ ሰው ገድሏል። ሰፊ የጨርቅ መጎተቻ፣ ሁለት ጠንካራ ሻክል (የማያያዣ ብረት)፣ አካፋ፣ ክሪክና ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ይበቃችኋል። ጣውላውን የረሳ ሰው መኪናው ሳይሆን ክሪኩ ወደ መሬት ሲገባ ያያል። ካቴና (ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት) ያለው ካለ ይያዝ። በተወጠረው ገመድ መሐል ሊታጠፍ የሚችል ከባድ ጃኬት ጣል አድርጉበት፤ ሰውም ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። ልጆቹ መራቃቸውማ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

ራቭ ፎሩ ግን ይቅር። ከባድ ማርሽ የለውም፤ ሆዱም ዝቅ ያለ ነው። ባለቤቱን ቅር ቢያሰኘውም ሰዎቹን በሌላ መኪና አከፋፍላችሁ ጫኑ።

መልስ፦ የሸቤ ልጅ

ከላይ የተሰጠው ምክር የሚያስመሰግን ነው። እኔ ስለ መኪና ሳይሆን ስለምትገቡበት ደን ልናገር፤ ተወልጄ ያደግሁት በዚያው ስለሆነ ነው።

ከመኪናው መስኮት ሲያዩት ደኑ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን በዋንዛውና በቀረሮው ጥላ ሥር ቁጥቋጦ መስሎ የሚታየው አብዛኛው ቡና ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቦታም ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ባለቤት አለው። መኪና ለማዞር ብሎ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ የገባ ሰው የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ድካም ሊሰባብር ይችላል። በለጠ ያለበትን የበለጠ-ጌራን ደን የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት የሚያስተዳድረው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በተጀመረው የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሥራ፣ ነዋሪው ዋቡብ በሚባሉ የደን ማኅበራት ተደራጅቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከወረዳው አስተዳደርና ከጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ፣ ድርጅቱን ማስፈቀድ፣ ከዚያም ቀበሌውንና የማኅበሩን ሰዎች በአካል አግኝቶ ማነጋገር ያስፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት ስድስት መኪና አሰልፎ ደብዳቤ ማሳየት ማስፈቀድ አይባልም። ከሳምንት በፊት ሁለት ሆናችሁ መጥታችሁ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ የቀረበላችሁን ቡና ሳትቸኩሉ ጠጥታችሁ ተነጋገሩ። የሌሊት ጥበቃና መንገድ መሪ ከዚያው ሰፈር ወጣቶች ቅጠሩ፤ ክፍያውንም ቀድማችሁ ተስማሙ።

አሁን የምነግራችሁን ብዙ ተጓዥ ልብ አይለውም። ታኅሣሥ የቡና ማድረቂያ ወቅት ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር በእንጨት በተሠሩ አልጋዎች ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና ታያላችሁ። ስድስት መኪና በ40 ፍጥነት ሲያልፍ የሚያስነሳው ዱቄት የመሰለ አቧራ እርጥቡ ፍሬ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ አይራገፍም። እናቴ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ሸራ ይዛ ስትሮጥ ነው ያደግሁት፤ አንዳንዱ ሾፌር ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር፤ ብዙው ግን አይቀንስም። አልጋ ባያችሁበት ሁሉ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት እለፉ፤ በመኪኖቹም መካከል አቧራው እስኪሰክን ርቀት ይኑር።

ድንኳን ስትተክሉም ከመሬቱ በፊት ቀና ብላችሁ ዛፉን ተመልከቱ። በእኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጃጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ከቅርንጫፍ ጋር ስለሚመሳሰል ላልለመደ ዓይን አይታይም። ከሥሩ እሳት አንድዳችሁ ጭሱ ወደ ላይ ከወጣ ንቡ ይቆጣል። ለማገዶም እርጥብ እንጨት አትቁረጡ፤ የደረቀውን ከሰፈሩ ግዙ።

ጎጀብን በተመለከተ፣ ወንዙ የጅማንና የካፋን ዞን የሚለይ ወሰን ነው። ማዶው ከኅዳር 2014 ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ስለሆነ ከሸቤ የያዛችሁት ደብዳቤ እዚያ አይሠራም። ከወንዙ ወዲህ ቆሙ።

ሰፋሪው

ጋሼ ባለ ጋራዡ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በሰዓቱ ጉዳይ የሰጡኝ ተግሣጽ ልክ ነው። የሸቤው ወንድሜ፣ ስለ ቡናው አልጋ የጻፍከውን ለሁሉም ሾፌሮች አንብቤላቸዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ስለ ምግቡና ስለ ልጆቹ ነው። ዘጠኛችን ሙስሊም፣ ስምንታችን ክርስቲያን ስንሆን በግ ይታረድ የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ራቭ ፎሩ ደግሞ ባለፈው ዓመት ቅር ብሎት ከቀረው ቤተሰብ የአንዱ ነው፤ ዘንድሮ ለምነን ነው ያሳመንናቸው። መኪናችሁን ተዉት ማለት ከብዶኛል።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

በጉን ተዉት እላለሁ። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ ከክርስቲያኖቹ የሚጾሙ አይጠፉም፤ ቢታረድም በማን እጅ ይታረድ የሚለው ጥያቄ ሁለት ድስትና ሁለት እሳት ያመጣል። የጾም ምግብ ግን ሁላችሁም ከአንድ ትሪ የምትበሉት ነው። ሽሮው በቤት ተነፍቶ፣ ምስሩ ተለቅሞ፣ ሽንኩርቱ በዘይት ቁሌት ተደርጎ በዕቃ ከመጣ፣ በሜዳ ላይ የሚቀረው ሥራ የግማሽ ሰዓት ነው። በሶና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ፣ ድንች ለልጆቹ ፍም ውስጥ ለመቅበር ያዙ። የእኔ ልጆች ከጉዞ ሁሉ የሚያስታውሱት ያንን አመድ የለበሰ ድንች ነው።

ውኃ ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብትይዙ፣ ለ17 ሰው በሁለት ቀን 170 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ዘጠኝ ማለት ነው። ይህ ወደ 180 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ስለሆነ በመኪኖቹ ተከፋፍሎ ታች፣ ከወንበር ኋላ ይታሰር እንጂ ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ላይ አይጫን፤ ከላይ የከበደ መኪና በተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። የወንዝ ውኃ ቢያምርም ሳይፈላ አይጠጣ።

ማደሪያችሁን ከጎጀብ ቆላ ይልቅ ከላይ ከደኑ አካባቢ አድርጉት። ቆላው ለወባ የተጋለጠ ነው፤ ላይኛውም ቢሆን ወባ የለበትም አይባልምና ለልጆቹ አጎበር አይቅር። በዚያ ላይ የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ቀኑ ሞቋል ብላችሁ ብርድ ልብስ አትቀንሱ። ብርዱ ሲጸና ግን የሚመጣውን ፈተና አስቀድሜ ልናገር፦ ከሰል የቀረበት ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ሞተር አስነስቶ መኪና ውስጥ መተኛትም እንዲሁ ነው። ይህን ለልጆች ሳይሆን ለአዋቂዎቹ ንገሩ፤ ብርድ ሲሰማቸው የሚያስገቡት እነሱ ናቸውና።

አንድ መኪና ከማምሻው ጀምሮ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ፣ ከኋላውም ከፊቱም ሳይዘጋበት ይቁም። ቁልፉ ያለበትን ቦታ ሁሉም ይወቅ፤ ሾፌሩም ያን ሌሊት መጠጥ አይቅመስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ነገር ግን ኔትወርክ በማይኖርበት ደን ውስጥ አምቡላንሳችሁ ያ የቆመው መኪና ነው፤ እስከ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚያደርሳችሁም እሱ ነው። የተረፈውን ምግብና ጫማ መኪና ውስጥ ቆልፉ፤ ጅብ ሁለቱንም ይወዳል። መጸዳጃውን ከውኃ 60 ሜትር ያህል አርቃችሁ ቆፍሩ፤ ስትሄዱም በአፈር ድፈኑት።

መልስ፦ መንገደኛው

በአንድ ነገር ከባለ ጋራዡ እለያለሁ። ራቭ ፎሩ ይቅር የሚባለው ድንኳኑን በመጥፎው መንገድ መጨረሻ ላይ ለመትከል ካሰባችሁ ነው። ለምን ትተክሉታላችሁ? ራቭ ፎሩ በምቾት የሚደርስበት፣ ከጠጠሩ መንገድ ብዙ ያልራቀ ማደሪያ ምረጡ፤ ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ሁላችሁም ደርሳችሁ ድንኳን ትከሉ፤ ጓዙን፣ ውኃውንና ልጆቹን እዚያው አራግፉ። ከዚያ በኋላ ሃርድቶፖቹ፣ ፕራዶውና ሀይሉክሱ ቀልለው፣ የራቭ ፎሩን ባለቤትም ጭነው፣ ለሦስት ሰዓት አስቸጋሪውን መንገድ ዞረው ይመለሱ። የተቀረቀረ መኪና ቢኖር እንኳ የሚራብ ልጅ አይኖርም። እኛ ሙሉ ጓዝ ጭነን በጭቃ መጓዝ ከተውን ወዲህ ያረጁ ባሌስትራዎች (የመኪና ሞላዎች) እንኳ መሰበር አቁመዋል።

እሑድ ጎጀብንም ብትተዉት ይሻላል። ለአደጋ ቅርብ የምትሆኑት በደኑ ውስጥ ሳይሆን፣ ደክማችሁ በተነፈሰ ጎማ ወደ ጅማ አስፋልት ላይ ስትፈጥኑ ነው። 6 ሰዓት ላይ ጓዛችሁን ጠቅልሉ፤ በብርሃን ግቡ።

ባለ ጋራዡ

መንገደኛው የተናገረው ከእኔ ምክር ይሻላል። ራቭ ፎሩ ይሂድ። ነገር ግን ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) መኖሩን ብቻ ሳይሆን መነፋቱንም ዓርብ ጎሚስታ ዘንድ ወስዳችሁ አስፈትሹ፤ ለስድስቱም ነው የምለው። ዙር የሚሄዱት አራቱ መኪኖች አብረው ይውጡ፤ ከሁለት በታች ሆኖ የሚሄድ አይኑር። ቪታራውም ከልጆቹ ጋር ይቅር፤ ያ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ የሚቆመው መኪና እሱ ይሁን።

ሰፋሪው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ተሰብስበን እንዲህ ወሰንን፦ ዓርብ ከሰዓት ነዳጅና ጎማ ይጠናቀቃል፤ ቅዳሜ 1 ሰዓት ላይ ያልደረሰን አንጠብቅም፤ ማደሪያው ራቭ ፎሩ በሚደርስበት ቦታ ይሆናል፤ በጉ ቀርቶ ሽሮ ይሠራል፤ ጎጀብ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። የራቭ ፎሩ ባለቤት ሲሰማ ለሁሉም የሚበቃውን ድንች እኔ እይዛለሁ ብሏል። የሸቤው ወንድሜ፣ በመጪው ሰኞ እኔና አንድ ጓደኛዬ ደብዳቤውን ይዘን ለመምጣት አስበናል። በምን ሰዓት ብንደርስ ሰዎቹን እናገኛለን?

የሸቤ ልጅ

ማልዳችሁ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሁሉም ቡና ሊያገላብጥ ወደ አልጋው ይሄዳል፤ እስከ ማታም ቁጭ የሚል ሰው አታገኙም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ኦሮምኛ የሚችል ቢሆን መልካም ነው። መኪናውን ከአስፋልቱ አጠገብ አቁማችሁ በእግራችሁ ግቡ፤ እኔም መንገዱ ዳር እጠብቃችኋለሁ።